ምንም ያላደረገ ሰው በደል አለበት?

ሰው ሰውን በማድረግ እንደሚበድል ሁላችንም እናውቃለን። መዋሸት፣ መማታት፣ ገንዘብ መካድ፣ ከሌላ ሰው ጋር መሄድ። እነዚህ ሁሉ ስም አላቸው፤ ሽማግሌ ፊት ቢቀርቡም ለመዳኘት አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው ምንም ባለማድረግ የሚመጣው በደል ነው። አንድ ወጣት ምንም ሳያደርግ፣ ቤቱ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የሚወዳትን ልጅ ሊበድላት ይችላል?

ጥያቄውን ያመጣብኝ መጽሐፍ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማውቀው፣ እንደኔው ኢንጂነሪንግ የተማረ ጓደኛ አለኝ። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ ደሞዙን በአግባቡ ነው የሚይዘው። አራት ዓመት አብራው የቆየችው ልጅ ዘንድሮ ተለየችው። ምን ሆናችሁ ስንለው «እኔ ምንም አላደረግኳትም» አለን። ሌላ ቀን እሷን ሳገኛት ያንኑ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ምንም አላደረገም እኮ» አለችኝ። ሁለቱም ያው አንድ ቃል ነው ያሉት። እሱ እንደ መከላከያ አቀረበው፣ እሷ እንደ ክስ።

ነገሩ ጌም ነው። ከሥራ መልስ ፊፋ (ስሙ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ቢባልም እኛ ሰፈር አሁንም ፊፋ ነው)፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ፐብጂ፣ ብዙ ቀን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት። እሷ ያወራችኝ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። «ቤቱ ሄጄ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጎኑ ቁጭ አልኩ። ሊሸኘኝ ሲነሳ ‹እና ምን አዲስ ነገር አለ?› አለኝ።»

ጓደኞቹ ለሁለት ተከፈልን። ግማሹ «ቤቱ ቁጭ ያለ ወንድ አግኝታ ነው የምታማርረው? ሌላው የት እንደሚያመሽ አታውቅም?» አለ። ግማሹ «ሱሰኛ ነው፣ ሐኪም ጋ ይሂድ» አለ። እኔ ሁለቱም አልተዋጡልኝም። ለምን እንዳልተዋጡልኝ ልሞክር።

ሱስ ነው፣ አይደለም

የሐኪሞቹን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የጌም ሱስ ራሱን ችሎ ተመዝግቧል። መለያዎቹ ሦስት ናቸው፦ መቼ እንደሚጀምሩና መቼ እንደሚያቆሙ መቆጣጠር አለመቻል፣ ጌሙ ከሌላው ፍላጎትና ከዕለት ሥራ ሁሉ መቅደሙ፣ ጉዳት ማምጣቱ እየታየም መቀጠል። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል መታየት አለበት፤ በሰውየው የቤተሰብ፣ የትምህርት ወይም የሥራ ሕይወት ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስም አለበት። ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው ከሚጫወቱት ውስጥ በዚህ የሚያዙት ጥቂቶች ናቸው።

ጓደኛዬ በሰዓቱ ሥራ ይገባል፣ ኮዱን በጊዜው ያስረክባል፣ እናቱን በየእሑዱ ይጠይቃል። ሐኪም ጋ ብንወስደው ምናልባት «ልጃችሁ ደህና ነው» ተብሎ ይመለስ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። «ሱሰኛ ነው» ካልን ኃላፊነቱን እናነሳለታለን፤ በሽተኛ ማን ይወቅሳል? «ሱሰኛ አይደለም» ካልን ደግሞ ችግር የለም ማለት ይመስላል። በሁለቱ መሀል ግን ሰፊ ሜዳ አለ፤ አብዛኞቻችን የምንኖረውም እዚያ ነው። አርስቶትል ለዚህ ሜዳ ቦታ ሰጥቶታል፤ በኒቆማኮሳዊ ሥነ ምግባሩ 7ኛ መጽሐፍ ላይ የሚበጀውን እያወቀ ሌላውን ስለሚያደርግ ሰው በሰፊው ይከራከራል። ይህን ሰው ክፉ ከሚባለው ይለየዋል። ክፉው የሚያደርገውን ትክክል ነው ብሎ ያምናል፤ ይሄኛው ግን ያውቃል፣ አውቆ ይደክማል። ጓደኛዬ ሌሊት በ8 ሰዓት ስልኩን ሲያስቀምጥ ደስ ብሎት አይደለም። እንደዚህ ያለውን ሰው መውቀስም ማዘንለትም ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

አማርኛችን የሚያውቀው ነገር

ጨዋታ የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር በአንድ ይዟል። ኳስም ገበጣም ጨዋታ ነው፤ ወግም ጨዋታ ነው። እንግዳ ገብቶ ዝም ሲል የቤቱ እመቤት «ተጫወት እንጂ!» የምትለው ኳስ አምጥታለት አይደለም። ጨዋታ አዋቂ የሚባለውም ካርታ የሚችል ሰው ሳይሆን አብረውት ሲቀመጡ ሰዓቱ የማይታወቅ ሰው ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል የተጠሩት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ገበጣ ሲጫወቱ እጅ ጠጠር ይዘራል፣ አፍ ያወጋል። ጆተኒ ቤትም ብትሄዱ ግቡ ከሚቆጠረው ይልቅ ተረቡ ነው የሚበዛው። ጠጠሩም ኳሱም ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት እንዲቀመጡ ሰበብ ነበሩ።

ሱስ የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። እናቴ ከሰዓት በኋላ ራሷን ሲያማት «ሱሴ ነው» ትላለች፤ ከሰል ታያይዛለች፣ ጎረቤት ትጠራለች። ሱሷ ሰው ካልተሰበሰበበት አይወጣላትም። ሱስ ራሱ ነውር ቢሆን ኖሮ የቡና ሥርዓታችን ከእነ ጀበናው ነውር በሆነ ነበር። ስለዚህ ስለ አንድ ሱስ ልጠይቅ የምችለው ትልቁ ጥያቄ «ምን ያህል ሰዓት?» አይመስለኝም። ሰው ይጠራል ወይስ ሰው ይመልሳል? የእናቴ ሱስ በር ያስከፍታል። የጓደኛዬ ሱስ ሄድፎን ያስደርጋል።

ጌም ሁሉ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ፕሌስቴሽን ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ያውቃል፤ አንድ ስክሪን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ከኋላ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ጩኸቱ ሰፈር ያነቃል። እዚያ ውስጥ ሁለቱም ጨዋታዎች አሉ። አብረው ተጫውተው፣ ተሸናፊው እራት ሠርቶ፣ ተሳስቀው የሚያመሹ ጥንዶችም አውቃለሁ። በሽታው ጌሙ ቢሆን እነዚህም ይታመሙ ነበር።

ከውስጥ ሲታይ

እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመሥራት ነው። ጌም አልሠራም፤ ግን አፕ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቋንቋ ይናገራል። ዛሬ የገባው ሰው ነገ ተመልሶ ገባ ወይ? በሳምንቱስ? ሪቴንሽን ይባላል። ማንም ሰው ስብሰባ ላይ ተነስቶ «የዚህን ልጅ ፍቅር እናፍርስበት» አይልም። «ማታ ማታ ለምን ይወጣሉ?» ብቻ ነው የሚባለው። ከዚያ ያቺ መውጫ በር ላይ ትንሽ ነገር ይቀመጣል፦ በየቀኑ ለገባ የሚሰጥ ሽልማት፣ አንድ ቀን ከቀረህ ወደ ዜሮ የሚመለስ ቆጠራ፣ ነገ የሚያልቅበት ልብስ።

ከሁሉም የበረታው ዘዴ የቆየ ነው። ቢ.ኤፍ. ስኪነርና ቻርልስ ፈርስተር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሥራ እርግቦች ቁልፍ እየቆነጠሩ ምግብ ሲያገኙ የሚያሳዩትን ጠባይ መዝግበዋል። ምግቡ ስንት ጊዜ ሲቆነጥሩ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሲሆን እርግቧ ሳትታክት ትቆነጥራለች፤ ምግቡ ከተቋረጠ በኋላም ቶሎ አትተውም። ፊፋ ላይ ፓክ የሚከፍት ልጅ ኤምባፔ ይወጣልኛል ብሎ የሚጠብቀው በዚሁ ሕግ ነው። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙ እንዲህ ያሉ የዕድል ሳጥኖችን ቁማር ናቸው ያለችውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ማችሜኪንግ ነው። አርፓድ ኤሎ የሚባል ሰው ለቼዝ ተጫዋቾች ነጥብ መስጫ ቀመር አዘጋጅቶ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀበለው። ዛሬ ብዙ የኦንላይን ጌሞች ከዚያ በተወለደ ሐሳብ ተጋጣሚ ያገናኙሃል። ዓላማው ከአቻህ ጋር ማጋጠም ነው፤ ካንተ በጣም የሚበልጥ አይመጣብህም፣ በጣም የሚያንስም አይመጣልህም፣ ግማሹን ያህል ታሸንፋለህ፣ ግማሹን ያህል ትሸነፋለህ። ስትሸነፍም «ትንሽ ነበር የቀረኝ» የምትልበት ሽንፈት ነው። በሕይወት ውስጥ እንዲህ በልክህ የተሰፋ ችግር የሚሰጥህ ማን አለ? መምህርህ አልሰጠህም። አለቃህ አይሰጥህም። ኑሮማ ጭራሽ።

ፍቅርም አይሰጥህም። ቴሌግራም ላይ «ሰላም ነሽ?» ብለህ ትልካለህ፤ ሁለቱ ምልክት ይመጣል፤ አንብባለች፤ ዝም። ምን ማለት ነው? ነጥብህ ስንት ነው? ምን አጠፋህ? ካፌ ስትገናኙ ጥሩ ቀልድ ቀለድክ ብለህ ስታስብ ፊቷ ይለዋወጣል፤ ኋላ ስትሰማ አባቷ ታመው ኖሯል፣ ካንተ ጋር ምንም አያገናኘውም። ፍቅር ውስጥ ጥረትና ውጤት አይመጣጠኑም፣ ሽንፈት ምክንያቱን አይናገርም፣ «እንደገና ሞክር» የሚል ቁልፍ የለም። ሲ. ቲ ንዊን የሚባል ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ጌም ባሳተመው መጽሐፍ የጌም አንዱ ማባበያ የዓላማ ግልጽነት እንደሆነ ይናገራል። ጌም ውስጥ ምን እንደሚፈለግብህ ታውቃለህ። ከጌም ስትወጣ የሚጠብቅህ ደግሞ ምን እንደሚፈለግብህ የማታውቅበት ዓለም ነው። አደጋው የቀረው ዓለምም እንደዚያ ግልጽ እንዲሆንልን መመኘት መጀመራችን ነው።

ወንዶቹ ለምን እዚያ አሉ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «የዘንድሮ ወንድ» ብሎ ወደ ስድብ ይገባል። ቀስ እንበል።

አንድ የ26 ዓመት ልጅ አስቡ። ተመርቋል፤ የተማረበትን ሥራ አላገኘም ወይም አግኝቶ ደሞዙ ከትራንስፖርትና ከምሳ አያልፍም። የሚኖረው ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ የሚያድረው ከታናሽ ወንድሙ ጋር አንድ ክፍል ነው። ፎንቃ ያዘው እንበል። የት ይወስዳታል? ሁለት ማኪያቶ፣ ሁለት ኬክ፣ ማታ ከሆነ ራይድ። የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የካፌ ሜኑ ላይ ዋጋው በወረቀት እየተለጠፈ ሲቀየር ያላየ የለም። እሷ «እኔ እከፍላለሁ» ብትል እንኳ እንዲያፍር ተደርጎ ነው ያደገው። በመንገድ ላይ የእግር ጉዞ? አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ወሬው ወደ «እና ወደፊት ምን አስበሃል?» ይዞራል። መልስ የለውም።

አያቶቻችን ዘመን ይሄን ፍርሃት የሚሸከሙት ሽማግሌዎች ነበሩ። ጋቢ ለብሰው የሚሄዱት፣ የሚለምኑት፣ «እናስብበት» ተብለው የሚመለሱት እነሱ ነበሩ። ልጁ ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል። ያ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ልጅቷን ሳይጠይቅ የሚወስን ስለነበር አልናፍቀውም። ግን የፍርሃቱን ሸክም ከሽማግሌው ትከሻ አንስተን ለ26 ዓመቱ ልጅ ብቻውን እንደሰጠነው መካድ የለብንም። ያው ልጅ ፕሌስቴሽን ቤት ሲገባ ደግሞ ሰው ይነሳለታል፣ «ንጉሡ መጣ» ይባላል። አነስተኛ ብር፣ ትልቅ ክብር። እኔ ሰውን ወደተከበረበት ቦታ በመሄዱ አልወቅሰውም።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። አራት አሜሪካውያን ኢኮኖሚስቶች፣ ማርክ አጊያርና ባልደረቦቹ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ከ21 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወንዶች የሥራ ሰዓት ከታላላቆቻቸው ይበልጥ እንደቀነሰ፣ በጌምና በኮምፒውተር የሚያሳልፉት ሰዓት እንደጨመረ አሳይተዋል። ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው። ብዙዎቹ ከቤተሰብ ጋር እየኖሩ፣ ገቢያቸው ሳያድግ፣ «ደስተኛ ነህ?» ሲባሉ የሚሰጡት መልስ ተሻሽሏል። እንግዲህ «ጌም ደስታህን ይቀማሃል» የሚለው ስብከት ሁልጊዜ አይሠራም ማለት ነው። ልጁ ደስ ብሎት ሊሆን ይችላል።

ጎኑ የተቀመጠችው

ሮበርት ኖዚክ እ.ኤ.አ. በ1974 የጻፈውን የልምድ ማሽን ምሳሌ ፍልስፍና ኮርስ የወሰደ ሁሉ ያስታውሰዋል። የፈለግከውን ሕይወት እውነት እስኪመስልህ ድረስ የሚያሳይህ ማሽን ቢኖር ትገባለህ? ኖዚክ አንገባም ይላል፤ ምክንያቱም የምንፈልገው ደስ እንዲለን ብቻ ሳይሆን በእውን አንድ ነገር ማድረግ፣ አንድ ሰው መሆን ነው። በዚህ ምሳሌ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚይዘኝ ግን እሱ ቶሎ ያለፈው ነገር ነው። ማሽኑ ውስጥ ከገባሁ እኔን የሚፈልጉ ሰዎችስ? ኖዚክ ለዚህ ያለው መልስ አጭር ነው። እነሱም መግባት ይችላሉ፣ ስለዚህ ለእነሱ ብሎ ውጪ መቅረት አያስፈልግም።

ይህ እኮ የዘንድሮ ሳሎን ነው! እሱ ጌም ላይ፣ እሷ ቲክቶክ ላይ፣ ሁለቱም ገብተዋል። ጓደኞቼም ሲከራከሩ ያነሱት ይሄንኑ ነው፤ «እሷስ ስልኳን ታስቀምጣለች? የቱርክ ድራማ ስታይ ማን ያናግራታል?» እውነት ነው፣ ወንድ ብቻ አይጠፋም። ግን ይህ ክርክር የሚያረጋግጠው በደል እንደሌለ ሳይሆን በደሉ ሁለት እንደሆነ ነው። ደግሞም የእኔ ጓደኛ ሳሎን ውስጥ ሁለቱም አልገቡም ነበር። አንዷ ውጪ ነበረች። ለሦስት ሰዓት።

ሌላው ክርክር የአባቶች ነው። «አባቶቻችንስ ጠጅ ቤት አያመሹም ነበር? ኳስ ሲኖር ዲኤስቲቪ ቤት የሚሞላው ማን ነው?» ልክ ነው፤ የወንድ አለመኖር አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እናቶቻችን ስለቻሉት ትክክል ነበር ማለት አይደለም፤ የቻሉት መሄጃ ስላልነበራቸው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ጠጅ ቤት ያለ ሰው የለም። ቤት ውስጥ የለም፣ ይታወቃል፣ ሰው ይጠራባታል፣ ትተኛለች። ጎንሽ ተቀምጦ የሌለ ሰው ግን ለብቸኝነትሽ ስም እንኳ ይነፍግሻል። ብታማርሪ «ይኸው አለሁ አይደል?» ይልሻል። እውነቱን ነው፣ አለ።

ለዚህም አማርኛ ቃል አለው። ልብ መስጠት። ልብ ማለት። «ልቡ የለም» እንላለን ስለተቀመጠ ሰው። ትኩረት የሚለው የመጽሐፍ ቃል ከዓይን ጋር የተያያዘ ይመስላል፤ ልብ መስጠት ግን ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ በግድ አይጠየቅም፣ አለመስጠቱም ሁልጊዜ ጥፋት አይሆንም። ለመንገደኛ ሁሉ ልቤን ልስጥ ብል አልችልም። ነገር ግን «እወድሻለሁ» ያልካት ልጅ ቃል ገብተህላታል። ቃሉ ምን እንደያዘ ብትጠየቅ ኬክና ራይድ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ከሁሉም በፊት የያዘው ልብህን ነው። ከዚህ በኋላ ልብ አለመስጠት ስጦታ መከልከል መሆኑ ቀርቶ ዕዳ አለመክፈል ይሆናል።

ፖዝ

ታናሽ ወንድም ያለው ሰው ይህን ንግግር ያውቀዋል። «ና እራት ቀርቧል!» «መጣሁ!» «አቁመውና ና!» «ማሚ፣ ኦንላይን ነው፣ ፖዝ አይደረግም!»

ልጁ አልዋሸም። ብቻህን የምትጫወተው ጌም ያንተ ማሽን ላይ ያለ ዓለም ስለሆነ ማቆም ትችላለህ። ፐብጂ ግን እስከ 100 ሰው በአንድ ሰርቨር ላይ አብሮ የሚሮጥበት ነው፤ አንዱ እራት ቀረበልኝ ብሎ ዓለሙን ሊያቆመው አይችልም። በቡድን ከሆንክ አራት ናችሁ። ከወጣህ ሦስቱን ጎድለህ ታስበላቸዋለህ። ብዙ የቡድን ጌሞች መሀል ላይ ጥሎ የሚወጣውን ይቀጣሉም። ስለዚህ ልጁ የሚቆየው ለሦስት ሰዎች ታምኖ ነው። ከሦስቱ ሁለቱን አይቷቸው አያውቅም፤ ምናልባት አንዱ ካይሮ ነው፣ አንዱ ሪያድ።

ይህን ሳስብ ስለ ጓደኛዬ የነበረኝ ግምት ተለወጠ። ሰነፍ ነው ይሉታል፤ አይደለም፣ በተባለው ሰዓት ይገኛል። ራሱን ብቻ ነው የሚያየው ይሉታል፤ አይደለም፣ የወደቀ ጓደኛውን ለማንሳት ጥይት ውስጥ ይገባል። ታጋሽ አይደለም ይሉታል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ አሥር ደቂቃ ተኝቶ ይጠብቃል። አንዲት ሴት ከወንድ የምትፈልገው መታመን፣ መገኘት፣ መታገስ ሁሉ አለው። እየወጣ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። እሷን የጎዳት ምንም የሌለው ሰው መሆኑ አልነበረም። ያለውን ስታየው፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ሲሰጥ ነበር የምታየው።

ለምን ለእነሱ? ምክንያቱም ጌሙ ይጠራዋል። ይንጫጫል፣ ይቆጥራል፣ ይቀጣል። እሷ አትቀጣም። ማሽኑ የሚያስከፍለው ወዲያው ነው፤ እሷ ግን አራት ዓመት ሙሉ በዱቤ ሰጠችው። አፋጣኝ ባለዕዳ ሲጮህ ታጋሹ ባለዕዳ ይረሳል። ይህ የጌም ብቻ ሕግ አይደለም፤ ሥራም፣ ዘመድም፣ ሶሻል ሚዲያም እንዲሁ ነው የሚያደርጉን።

ስለዚህ ለራሴ ያስቀመጥኩት መለኪያ በሰዓት የሚቆጠር አይደለም። ቻይና እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ላይ ብቻ፣ በቀን አንድ ሰዓት እንዲጫወቱ ደንብ አወጣች። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የሚከለክል ሕግ ነበራት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ራሷ ተወችው። ለልጆች ሰዓት መቁጠር ጥሩ ሊሆን ይችላል። የ27 ዓመት ሰው ላይ ግን ማን ይቆጥራል? በቀን አራት ሰዓት እየተጫወተ ልቡ ቤቱ ያለ አለ፤ አንድ ሰዓት ተጫውቶ የጠፋ አለ። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ የምትወዳት ልጅ ድምፅዋ ተቀይሮ ስምህን ብትጠራ፣ ጌሙ እየተሸነፈብህም ቢሆን፣ ትቋረጣለህ ወይ? መውደድ ማለት በትንሹ ለአንድ ሰው ሲባል መቋረጥ መቻል ይመስለኛል። ለዚህ ነው «አንድ ዙር ብቻ» የምትለው ቃል ከስድብ በላይ የምታቆስለው። ስድብ ቢያንስ መኖርሽን አይቶ ነው የሚናገርሽ።

ታዲያ ማን ይጠየቃል?

የጌሙ ሠሪ ይጠየቃል። እርግቧ ለምን እንደምትቆነጥር እያወቀ ቁልፉን የሠራ ሰው «እርግቧ ራሷ ናት የመረጠችው» ሊል አይገባውም። በሙያዬ ያለን ሰዎች ማታ ማታ ሰው ለምን እንደሚወጣ ስንጠይቅ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅም አለብን። የሚሄደው ወደ እራት፣ ወደ እንቅልፍ፣ ወደ ሰው ነው። ኑሮውም ይጠየቃል፤ ለወጣት ወንድ ክብር የሚገኝበት ርካሹ ቦታ ስክሪን ሲሆን ጥፋቱን የልጁ ብቻ ማድረግ ግፍ ነው።

ግን ኃላፊነት እንደ ሒሳብ አይደለም፤ ለሌላው ስለተከፈለ ካንተ ላይ አይቀነስም። ሠሪው ጥፋተኛ ነው፣ ኑሮው ጥፋተኛ ነው፣ ያቺ ሦስት ሰዓት ግን ሊመልሳት ይችል የነበረው እሱ ብቻ ነው። ኩባንያው አያውቃትም። መንግሥት አያውቃትም። ስሟን የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ «ምንም አላደረግኩም» ማለት መከላከያ አይሆንም የምለው ለዚህ ነው። ማድረግ ያለበት ማንም ሌላ ሰው በሌለበት ቦታ ምንም አለማድረግ ራሱ ማድረግ ነው። አዎ፣ በድሏታል። ክፉ ሰው ሳይሆን በድሏታል። ይህ ሁለቱ አብረው መሄድ አይችሉም ብሎ ያሰበ ሰው ብዙ የቅርብ ሰዎች በደል ያመልጠዋል።

እሷ አሁን ደህና ናት፤ ሥራ ቀይራለች፣ ስለ እሱ ክፉ አትናገርም። እሱ አሁንም ይጫወታል፤ አሁን ማንም ስለማይጠብቀው እንደ ድሮው አይደብቀውም። ባለፈው ስንገናኝ ስለ ምን እንደምጽፍ ነገርኩት፤ እንዳነበው አስቀድሜ ሰጠሁት። አንብቦ ስልኩን መለሰልኝና «ፍርዱ ትክክል ነው፤ ግን አንድ ነገር ረስተሃል» አለኝ። ምን ስለው፣ «ልክ ነህ፣ ብትጠራኝ እቋረጥ ነበር። ግን መጥራት ካቆመች ቆይታለች። ያን አላስተዋልኩም» አለኝ።

ይህን ጨምሩበት። ሰው መጥራት የሚያቆምበት ቀን አለ፤ ያ ቀን ድምፅ የለውም።